ውሃው ከየት ገባ?

ባለፈው ሳምንት የጀመርነውን የመኪና ፍሬን ጨዋታ ዛሬ እንጨርሳለን ብዬ ነበር። ቃሌን መብላቴ ነው። ፍሬኑ አንድ ሳምንት ይታገሠን፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ጀልባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ማታ አንድ የማውቀው ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጀልባችን ውሃ ያስገባል፤ እኛም በዚሁ ምክንያት ልንጣላ ነው» አለኝ። ጀልባ መግዛታቸውን የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ናቸው፤ ሦስቱም የሚኖሩት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አምና ገንዘብ አዋጥተው ዐሥራ ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው፣ ዕድሜው ሃያ ዓመት ያለፈ ጄት ጀልባ ከነተጎታቹ ገዙ። ሰመር ሲመጣ ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን እየጫኑ ወደ ሌክ አና ይወርዳሉ። ሌክ አና ማለት በ1972 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኑክሊየር ኀይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ግን የቨርጂኒያ ሰው ሁሉ የሚዝናናበት ሆኗል።

ታዲያ ጀልባው ሐይቁን ዞሮ በተመለሰ ቁጥር የሞተሩ ክፍል ውስጥ አንድ ባልዲ ተኩል ያህል ውሃ ይገኛል። አንደኛው «ታፑን አላጠበቅኸውም» ይላል። ሁለተኛው «አንተ አሸዋ ላይ ጎትተህ ሆዱን ሰንጥቀኸው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው «ድርሻዬን ስጡኝና ልውጣ» ማለት ጀምሯል። አንድ ጋራዥ ወሰዱት፤ ስሙን አልጠራም። ጋራዡ የዘንጉ ማሸጊያ አልቋል ብሎ ከ900 ዶላር በላይ ተቀብሎ ለወጠላቸው። በማግሥቱ ሐይቅ ሲወርዱ ውሃው እንደ ወትሮው ገባ። ይባስ ብሎ ያን ቀን ስድስት ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው። መሀል ላይ ሞተር አጥፍተው እንጀራ ሲበሉ ከቆዩ በኋላ ክዳኑን ሲከፍቱ ውሃው የባትሪውን ሥር ነክቷል። ከሦስቱ አባወራዎች መዋኘት የሚችለው አንዱ ብቻ መሆኑን ስሰማ ፍሬኑን ትቼ ስለዚሁ ልጽፍ ወሰንሁ።

«አንተ የመኪና ሰው ነህ፤ ጀልባን ምን አገናኘህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሦስት ሰመር የጀልባ ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ ስነቅል ከርሜአለሁ። የቀረውን ደግሞ የተማርሁት እንደ ማንኛችንም የሰው ንብረት አበላሽቼ ነው።

መጀመሪያ ጄት ጀልባ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው ቀዳዳውን አያገኝምና። ተራው የሞተር ጀልባ ከሥሩ እንደ ቬንትሌተር የሚሽከረከር ፕሮፔለር አለው። ጄት ጀልባ ይህ የለውም። በሆዱ ሥር በብረት ርብራብ የተሸፈነ ሰፊ አፍ አለው። ሞተሩ ዘንጉን ያዞራል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ምላስ ተሽከርካሪ ውሃውን በዚያ አፍ ይስበዋል፤ ከኋላ ባለው ጠባብ አፈሙዝ ደግሞ በኀይል ይተፋዋል። ጀልባው የሚሄደው በዚያ ትፋት ነው። አፈሙዙ ወደ ግራ ሲዞር ጀልባውም ይዞራል። መሣሪያውን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለወግ ያበቃው ቢል ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው። ሰውዬው በግ አርቢ ነበር፤ ያገሩ ወንዞች ጥልቀት የሌላቸውና ድንጋያማ ስለሆኑ ፕሮፔለር ይሰብሩበታል። በ1960 እ.ኤ.አ. የሱ ጄት ጀልባዎች የኮሎራዶን ወንዝ በግራንድ ካንየን በኩል ሽቅብ ወጡት፤ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ ጀልባ አልነበረም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሄድ የተቻለው ፓምፑ ወደ ጀልባው ሆድ ስለገባ ነው። ፓምፑ ገባ ማለት ደግሞ ሆዱ ተቀደደ ማለት ነው። ዘንጉ የሚያልፍበት አለ፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ከፓምፑ የሚመጣባቸው ቱቦዎች አሉ፤ የመሪውና የኋላ ማርሹ ካቦ የጀርባውን ግድግዳ በስተው የሚወጡባቸው የጎማ ቆቦች አሉ፤ የማርሚታው መውጫ አለ፤ የማፍሰሻው ታፕ አለ፤ ውሃ የሚቀዳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መትፊያም አለ። በዚህ ሁሉ ቀዳዳ መሀል «ከየት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ገበያ ውስጥ ሌባ እንደ መፈለግ ነው። የሚጠየቀው ጥያቄ «መቼ ገባ?» ነው።

ጀልባው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ የሚገባ ውሃ ከውሃው መሥመር በታች ካለ ክፍት ቦታ ነው የሚመጣው፦ ከታፑ፣ ከሆዱ ስንጥቅ ወይም ከዘንጉ ማሸጊያ። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚገባ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ቱቦና የማርሚታውን መሥመር ጠርጥሩ። በፍጥነት ሲሄድ ብቻ ከሆነ ደግሞ የፓምፑ ግፊት የሚነካው ነገር ነው። ሰው ሲበዛ ብቻ ከሆነ ሌላ ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ። ከላይ የሚገባውንም አትርሱ። ዝናብ፣ ዋኝቶ የወጣ ልጅ፣ የቀለጠ በረዶ፣ የረጠበ ገመድ፤ እነዚህ ሁሉ ወርደው ወርደው የሚጠራቀሙት ሞተሩ ሥር ነው። አንድ ሰው ሙሉ ሰመር ሲጨነቅበት የነበረው ውሃ ከቢራ ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ሆኖ አይቻለሁ።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሄድሁላቸው። ሦስቱም አሉ፤ ግን አይነጋገሩም። ቡናው ተፈላ፤ እኔ መሀል ቁጭ ብዬ የሦስቱንም ክስ ሰማሁ። ከዚያ ሥራ አስጀመርኋቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሞተሩ ሥር ያለው ውሃ በስፖንጅ ተመጥጦ፣ በጨርቅ ተወልውሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ፀሐይ ማግኘት አለበት። እርጥብ ቦታ ላይ አዲስ ጠብታ አይለይም። ከደረቀ በኋላ በየመጋጠሚያው ሥር የወጥ ቤት ወረቀት አነጠፍን፤ በየጥጋጥጉም የሕፃን ፓውደር ነሰነስን። ውሃ በፓውደር ላይ ሲሄድ እንደ እባብ መንገድ ጥሎ ያልፋል፤ መንገዱን ወደ ኋላ ተከትሎ ምንጩን ማግኘት ነው። ፓውደሩ ዋጋው ከሁለት ዶላር አይበልጥም፤ ከብዙ መሣሪያ ይበልጥብኛል።

ቀጥሎ ጀልባው ተጎታቹ ላይ እንዳለ የጓሮ ውሃ ቱቦ ገጠምንለት። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አደራ። ቤንዚን ሞተር ያለበት ክፍል ተዘግቶ ሲውል ትነት ይጠራቀማል፤ ሞተር ከማስነሣት በፊት ማራገቢያው አራት ደቂቃ መሥራት አለበት፤ ካልሆነ ክዳኑ ከነጢማችሁ ይሄዳል። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፦ ሞተሩን አስነሡ፣ ከዚያ ወዲያው ውሃውን ክፈቱ፤ ስትጨርሱ ውሃውን ዝጉ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ። ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው ሞተሩ ባልተነሣበት ጊዜ ውሃውን በማርሚታው በኩል እስከ ሲሊንደሩ ሊሞላው ይችላል። የዘንጉ ማሸጊያም ብዙውን ጊዜ የሚቀዘቅዘው ጀልባው በሚንሳፈፍበት ውሃ ስለሆነ በየብስ ላይ ለረጅም ጊዜ አይነዳም። እጅ፣ ክራቫት፣ ነጠላ ከዘንጉ ይራቅ።

ወረቀቱ ደረቅ ነው። ቱቦዎቹን እየጨመቅሁ፣ ፋሼታዎቹን እያየሁ ዞርሁ። አንዱ ፋሼታ ዝጓል፤ አላንጠባጠበም፤ ግን አስቀየርሁት። ከውሃ መሥመር በታች ያለ ቱቦ ሁለት ፋሼታ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ፋሼታውም ማግኔት የማይስበው ጥሩ አይዝጌ ብረት ይሁን። የጓሮ ቱቦ ግፊት ጀልባው በሙሉ ኀይል ሲሄድ ከሚያገኘው ግፊት እንደሚያንስ ግን አትርሱ፤ እዚህ ደረቅ ሆነ ማለት ሐይቁ ላይም ደረቅ ይሆናል ማለት አይደለም።

ከዚያ የተገላቢጦሹን ሠራን። ታፑን ዘግተን የሞተሩን ክፍል ከውስጥ ውሃ ሞላንበትና ከሥር ተኝተን አየን። ከውጭ የሚያስገባ ቀዳዳ ከውስጥም ያስወጣል፤ ያውም ጀልባው በየብስ ላይ ሆኖ ሆዱን እያያችሁት። ነገር ግን በልክ ነው። አንድ መቶ ሊትር ውሃ አንድ መቶ ኪሎ ነው፤ ተጎታቹም ጀልባውም ሊሸከሙት ይገባል። ውሃው ሞተሪኖውንና ባትሪውን ሊነካም አይገባም። እኛ አንድ ስንዝር እንኳ አልሞላንም። «ሆዱ ተሰንጥቋል» ይባል የነበረው እዚህ ላይ ተዘጋ፤ አሸዋ የፋቀው ቦታ አለ፤ ግን የተፋቀው ላይኛው ቀለም ብቻ ነው፤ ጠብታ የለም። የታፑ መቀመጫም ደረቅ። ሁለቱ ተከሳሾች በአንድ ጊዜ ነጻ ወጡና ትንሽ ፊታቸው ፈታ አለ።

ስለ ዘንጉ ማሸጊያ ልናገር፤ ገንዘብ የተበላበት ነውና። በዘመናዊዎቹ ትንንሽ ጄት ጀልባዎች በብዙዎቹ ላይ ዘንጉ ሆዱን በሚያልፍበት ቦታ የካርቦን ቀለበት አለ፤ ከዘንጉ ጋር የሚዞር የአይዝጌ ብረት ቀለበት ፊት ለፊቱ ይገጥማል፤ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። ሁለት ለስላሳ ፊቶች ተፋጥጠው ውሃውን ይከለክላሉ። አሸዋ መሀላቸው ሲገባ፣ ጎማው ሲደርቅ ወይም ካርቦኑ ሲያልቅ ያፈስሳል። ሲያፈስስ ግን ምልክት አለው። ዘንጉ እየዞረ ስለሚረጨው ውሃው በሞተሩ ክፍል ግድግዳና ክዳን ላይ፣ ልክ በቀለበቱ ትይዩ፣ እንደ መቀነት መሥመር ያሠምራል። «ጋራዡ ያን መሥመር አሳያችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጥቁር ዱቄት አሳየን» አሉኝ። ጥቁር ዱቄት የካርቦኑ ትቢያ ነው፤ ሲሠራ የኖረ ካርቦን ትንሽ ትቢያ ይጥላል። ብዙ ከሆነ ያሳስባል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ፣ ትልቅ ቪ-ኤይት ሞተርና በርክሊ ፓምፕ ያላቸው ጀልባዎች አሁንም በሰው እጅ አሉ። የእነዚያ ዘንግ የሚታሸገው በቅባት በተነከረ ገመድ ነው። ገመዱ በቀለበት በቀለበት እየተቆረጠ፣ መገጣጠሚያዎቹ አንድ ላይ እንዳይውሉ እየተዛነፉ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ በቡሎን ይጠብቃል። እዚያ ላይ በየጊዜው ጠብ የምትለው ውሃ ጤና ናት፤ ዘንጉን የምታቀዘቅዘው እሷ ነች። ጠብታውን ጨርሼ አቆማለሁ ብሎ ቡሎኑን የጠመዘዘ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፤ ዘንጉንም ያስፍቀዋል።

ወደ ጉዳያችን። ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ወደ ሐይቁ ወሰድነው። መውረጃው ላይ ከተጎታቹ ሳይፈታ እስኪንሳፈፍ ድረስ ወደ ውሃው አስገባነው፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ወረቀቱ ደረቅ ነው። ፈታነውና አንዱ ብቻውን ዐሥር ደቂቃ ነድቶ፣ አጥፍቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ አየ። ደረቅ ነው። (እየሄደ ያለ ጀልባ ላይ ክዳን ከፍቶ ዘንግ ላይ ማጎንበስ የሚባል ነገር የለም።) ሦስቱ ተያዩ። «ዛሬ ደግሞ አያስገባም!» አለ አንዱ፤ የተናደደ ይመስላል።

እኔ ያን ጊዜ ነው ስለ ስድስቱ ተሳፋሪዎች ያሰብሁት። ጀልባውን ዳር አስረን ሦስቱም ከኋላው መቀመጫ ላይ እንዲቀመጡ አደረግሁ፤ አንዱ የዋዛ ሰው አይደለም፣ ኪሎ አለው። የጀልባው ኋላ ወደ ታች ሰመጠ። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ከጀርባው ግድግዳ በስተ ቀኝ ፓውደሩ ላይ መንገድ ታየ። ሽቅብ ተከተልሁት። ያደረሰኝ ውሃ መቅጃው ፓምፕ ወደ ውጭ የሚተፋበት የፕላስቲክ ጉሮሮ ዘንድ ነው። በውጭ በኩል ያለው እንደ እንጉዳይ ያለ ቆብ በፀሐይ ብዛት ደርቆ ተሰንጥቋል፤ አንገቱም ከሞላ ጎደል ተቆርጧል። ጀልባው ባዶ ሲሆን ያ ጉሮሮ ከውሃው በላይ ነው። ሰው ሲሞላና ኋላው ሲሰምጥ ከውሃው በታች ይሆናል። ውሃ ሲገባ ጀልባው ይከብዳል፤ ሲከብድ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥ ይበልጥ ይገባል። እነሱ ምሳ ሲበሉ የሆነው ይኸው ነው። ፓምፑ ደግሞ እያንጎራጎረ የሚቀዳውን በተሰበረው አንገት በኩል ከፊሉን መልሶ ወደ ውስጥ ይጥለዋል።

ስለዚያ ፓምፕ አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ስፋቱ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ገጽ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ያስገባል። በላዩ ላይ 500 ጋሎን በሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ፓምፕ፣ ጽሑፉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በደቂቃ የሚያወጣው 31 ሊትር ተኩል ያህል ነው፤ ቱቦው ረዝሞ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንድ የተረሳ ታፕ ፓምፑን ያሸንፈዋል ማለት ነው። የጣና ታንኳ ባለቤት ደንገሉ ውሃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ሥራውን ሲጨርስ ጎትቶ አውጥቶ ያደርቀዋል። የኛ ሰው ፓምፕ አለኝ ብሎ ይተኛል።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። አዲሱን ጉሮሮ ከፕላስቲክ ይልቅ አይዝጌ ብረት አደረግነው፤ ከነማሸጊያው ከ50 ዶላር በታች ነው። የድሮው ማስቲሽ ተፍቆ፣ ቀዳዳው በአልኮል ተጠርጎ፣ የቀዳዳው ጠርዝ ላይ የታየው እንጨት በኤፖክሲ ተለቅልቆ ነው የተገጠመው። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት፤ የብዙ ጀልባ ጀርባ በፋይበርግላስ የተሸፈነ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ውሃ ከጠጣ ይበሰብሳል፤ ያ ደግሞ የ50 ዶላር ነገር አይደለም። ቱቦውም ከመውጣቱ በፊት ከፍ ብሎ እንደ ቅስት እንዲታጠፍ አደረግን፤ ዳግመኛ ቢሰምጥ ውሃው በቀላሉ እንዳይመለስ።

ስለ ማስቲሽ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይዝበት ቅባቱን ጥሎ ይሄዳል። የጀልባ የሚባለውን ፖሊዩረቴን ግዙ። ከ3ኤም ምርቶች ውስጥ 5200 የሚባለው አንዴ ከያዘ ለመንቀል ጋብቻ እንደ ማፍረስ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም እስከ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። 4200 የሚባለው ያሽጋል፤ ግን ነገ ልፍታህ ቢሉት እሺ ይላል። ጉሮሮ፣ የታፕ መቀመጫና የመሳሰለው አንድ ቀን ስለሚፈታ እኔ ለሱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አንድ የቀረ ሥራ አለ። ለአንድ ዓመት ሲገባ የነበረው ውሃ ሁሉ በፓምፕ ወጥቷል ማለት አይደለም። አሮጌ ጀልባ ወለሉ ሥር ለመንሳፈፊያ የተሞላ ፎም አለው፤ ፎሙ ውሃ ከጠጣ በቀላሉ አይለቅም። ጀልባው ያለ ምክንያት ከብዶ ኋላው የሚጎተት ከሆነ ወለሉን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። ለዚህ በተጎታች ላይ እንዳለ ሚዛን ላይ ማውጣት ይጠቅማል። ልጆቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊያስመዝኑት ነው።

ልጆቻቸውን በተመለከተ ደግሞ በዚያው ዕለት ተቆጣኋቸው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጀልባው በሚሄድበት ጊዜ ልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት እንዲለብስ ያዛል። እነሱ ጃኬቱን ከመቀመጫው ሥር ከነላስቲኩ አስቀምጠውታል። ከመዋኛው የሌሉበት ሁለት አባቶችም ቢለብሱ የሚያፍሩበት ነገር የለም አልኋቸው። የታፑን ነገር ደግሞ እንዲህ ፈታነው፦ ጀልባው ተጎታቹ ላይ ሲወጣ ታፑ ይወጣና ከሞተሩ ቁልፍ ጋር ይታሰራል፤ ታፑን ያልፈታ ቁልፉን አያገኝም።

እሑድ ዕለት ስምንት ሆነን ልንወጣ ሲሉ አልፈቀድሁም፤ የጀልባው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ሰባት ሰው ነው። ሰባት ሆነን ወጣን፤ እኔ ከኋላ ተቀመጥሁ። ሁለት ሰዓት ዞረን ክዳኑን ስንከፍት ወረቀቱ ደረቅ ነው። ድርሻዬን ስጡኝ ሲል የነበረው መሪውን ይዞ አልለቅም ብሎ ሌላ ጠብ ተነሣ። የ900 ዶላሩን ነገር ግን ገና አልጨረሱትም፤ የድሮውን የካርቦን ቀለበት ከጋራዡ ተቀብለው እንዲያመጡልኝ ነግሬአቸዋለሁ፤ ውፍረቱን ለክቼ ማለቁን አለማለቁን እነግራቸዋለሁ። እናንተም መኪናም ይሁን ጀልባ ስታሠሩ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ሳምንት ወደ ፍሬናችን እንመለሳለን። ቸር ሰንብቱ።